የአደን ጠመንጃ ጥይት ሲበትን መንስኤውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ጠመንጃው ኢላማ ሲስት በላዩ የተገጠመውን የማነጣጠሪያ መነጽር ማስተካከያ ለማዞር ከመቸኮል በፊት የጥይቶቹን አመታት፣ ማለትም ኢላማው ላይ ያረፉበትን ሁኔታ፣ መመልከት ይገባል። የጠመንጃውን እንጨት (ቱቦውን ሳይሆን) በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ከ100 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ሲተኩሱ፣ ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ነገር ግን ከመሃል ርቀው ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። የሚቀረው መነጽሩን ማስተካከል ብቻ ሲሆን፣ በብዙዎቹ የአደን መነጽሮች ላይ ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የምትለው አንዲት እርምጃ በዚህ ርቀት ምቱን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ታንቀሳቅሳለች። ቀዳዳዎቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተበታተኑ ግን ማስተካከያውን ማዞር ብተናውን ከቦታ ቦታ ከማዛወር አያልፍም።

ማናቸውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ካዝናውም ሆነ የጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ።

ፍተሻው ከብሎን ቢጀምር ይሻላል፤ ወጪ የለውም፣ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ነው። መነጽሩን የያዙት ቀለበቶችና መቀመጫቸው፣ እንዲሁም ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ብሎኖች በተኩስ ንዝረት ይላላሉ። አምራቹ በወሰነው ልክ ያጥብቋቸው፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ የመነጽሩን አካል ይጨቁናል። በባሌ ወይም በአርሲ ተራሮች በፈቃድ የደጋ አጋዘን ለማደን ጠመንጃውን በአውሮፕላን የሚያጓጉዝ ሰው፣ ከመንገዱ እንግልት በኋላ ብሎኖቹንም አመታቱንም እንደገና መፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ የሚታየው ቱቦው ከእንጨቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የመጀመሪያው ጥይት በቦታው አርፎ የቀጣዮቹ ምት ቱቦው በሞቀ ቁጥር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሸሽ ከሆነ፣ በክረምት እርጥበት ያበጠ እንጨት ቱቦውን እየገፋው ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ወረቀት አስገብተው ወደ ኋላ ሲስቡት የሚይዝበትን ቦታ ያገኛሉ። ሆኖም አንዳንድ ጠመንጃዎች በእንጨቱ ጫፍ ላይ ቱቦውን እንዲደግፉ ሆን ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ይህን ሳያጣሩ እንጨቱን መሞረድ አይገባም። ቀጭን የአደን ቱቦ ቶሎ ይሞቃል፤ ከየሦስት ጥይቱ በኋላ እስኪበርድ መታገስ ያስፈልጋል።

ቱቦው ውስጥ የተለጠፈ መዳብም ጥይት ይበትናል። በመዳብ ማሟሟያ የራሰው ጨርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ጽዳቱ ገና አላለቀም። መወልወያው ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይጎዳ፣ ከተቻለ ከኋላ በኩል ያስገቡት።

ጥይትን በተመለከተ፣ ለ30-06 ጠመንጃ የሚሸጡት የ150 እና የ180 ግሬን (ግሬን የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) ጥይቶች አንድ ቦታ አይመቱም፤ አንድ ጠመንጃ አንዱን ሰብስቦ ሌላውን ሊበትን ይችላል። የተለያዩ ዓይነቶችን ሳይቀላቅሉ ለየብቻ ይሞክሩ።

ተኳሹም ከምርመራው ነፃ አይደለም፤ እንዲያውም በእኔ ግምት ከቱቦው በላይ ሊጠረጠር ይገባዋል። ሌላ ሰው ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ያጉርስለት፤ ቃታው ሲሳብ ተኩስ ሳይኖር አፈሙዙ ከተወዛወዘ ተኳሹ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታውን ምት ፈርቶ እየደነገጠ ነው።

ይህ ሁሉ ለውጥ ካላመጣ፣ በትክክል እንደሚሠራ የሚታወቅ ሌላ መነጽር ገጥመው ይሞክሩ። ብተናው ከቀጠለ የአፈሙዙን ጠርዝ በብርሃን ይመርምሩ፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ እንዲያመልጥ ስለሚያደርግ ጥይቱን ያዘነብለዋል። ይህንን የሚያስተካክለው የጠመንጃ ባለሙያ ሲሆን፣ ወደ እሱ ሲሄዱ የተኮሱባቸውን ወረቀቶች፣ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደቀየሩ ጽፈው ይዘውለት ይሂዱ።