190ኢ ወይስ ኢ30? አዳማ ላይ የቆየ የጀርመን ፈጣን መኪና ለመግዛትና ለማቆየት

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ዛሬ የሚገዛው አሮጌ ጀርመን ሁሉ እዚሁ የኖረ ነው። ብዙ ባለቤት አልፎበታል፤ አንዳንዱም ዓመታትን ዛፍ ሥር ቆሞ አሳልፏል። ቢገዟቸው የማይቆጩባቸው ሁለት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 የተመረተው መርሴዲስ 190ኢ እና የዚያው ዘመን ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ ኢ30። ከ190ኢ ውስጥ ባለ 6 ሲሊንደሩ 2.6 ወደ 160 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከኢ30 ደግሞ 325አይ 170።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የባህር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። 170 የተባለው እዚህ 145 አካባቢ ነው። ሲነዱት «የደከመ መሰለኝ» ብለው ዋጋ ለማውረድ ከመከራከርዎ በፊት ይህን ያስቡ፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ይብሳል።

ሊብሬው ከሞተሩ ይቀድማል

መኪናው ሳይነሳ ሊብሬውን ይዘው ኮፋኖውን ያስከፍቱ። መርሴዲስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ ተመትቷል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ «ደብሊው ዲ ቢ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ 201 ይመጣል፤ ከ201 ቀጥለው ያሉት ሦስት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ። 024 ማለት 190ኢ 2.0፣ 029 ማለት 2.6፣ 034 ማለት የሲሊንደር ራሱን ኮስዎርዝ የሠራው ባለ 16 ቫልቭ 2.3 ነው። 022 እና 023 ከፋብሪካው በካርቦራቶር የወጣው 190 ናቸው፤ «ኢ» የለውም። ከኋላ የተለጠፈው የብረት ጽሑፍ 2.6 ቢልም ላሜራው 024 ካለ ላሜራውን ይመኑ። ጽሑፉ በሁለት ጠብታ ማጣበቂያ ይለጠፋል። ኤም 3 (ለውድድር የተሠራው ዝርያ) ነው የተባለ ኢ30 ካጋጠመዎትም ሻንሲው «ደብሊው ቢ ኤስ» ብሎ መጀመር አለበት፤ ተራው ኢ30 በ«ደብሊው ቢ ኤ» ይጀምራል።

የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያዩ። የ190ኢ 2.0 ሞተር በ102፣ የ2.6 በ103 ይጀምራል። ሞተር የተቀየረበትና ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ መኪና ስም ሲዞር ያስቸግራል። ከዚህ የሚብሰው በቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ነው፤ ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ በዲፕሎማትና በእርዳታ ድርጅት ስም የገቡ ናቸውና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳያዩ ቀብድ አይስጡ። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን መኪናው ከተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ያረጋግጡ። በውክልና ላይ ውክልና ተደርቦ የሚሸጥ ከሆነ የመጀመሪያው ባለቤት በሕይወት መኖሩን ይጠይቁ፤ ወካዩ ካረፈ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

ላሜራ

ሞተር ይታደሳል፣ የበሰበሰ ላሜራ ግን ገንዘብ ይበላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በጎማ ቤቶቹ ጠርዝ፣ ከበሮቹ በታች ባለው ወገብና በኋላ መብራቶቹ ሥር ያስኪዱ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከዚያ ምንጣፉን ያንሱ። ኢ30 ላይ ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የባትሪውን መቀመጫና የፊት መስታወቱን ሥር፤ 190ኢ ላይ ደግሞ የክሪክ ቀዳዳዎቹንና የፊት ሞላው የሚቀመጥበትን ቦታ ይዩ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ የወጣው 190ኢ በጎኑ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሽፋን አለው፤ ዝገቱ ከሱ ሥር ተደብቆ ስለሚቆይ ሻጩ ከፈቀደ አንዱን ጫፍ ያላቁት። አዳማ ደረቅ ስለሆነች እዚህ የጀመረ ዝገት ጥቂት ነው፤ ብዙው በበረዶ ወቅት ጨው ከሚበተንበት ከአውሮፓ መንገድ ተሳፍሮ የመጣ ነው።

ቀዝቅዞ ያግኙት፣ ሲግል ያጥፉት

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ይመለሱ። በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚታየው የጭሱ ቀለም ነው። ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ በባለ 6 ሲሊንደሩ የመርሴዲስ ሞተር ላይ የተለመደ ነው፣ ቴስታታውን (የሲሊንደር ራሱን) ሳያወርዱም ይቀየራል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የውሃው መጠን ከቀነሰ ግን የቴስታታው ጋስኬት ነው።

መርሴዲስ የዘይት ግፊት ጌጅ አለው፣ ብዙ ሰው ግን ያለቦታው ይደነግጥበታል። ሞተሩ ግሎ ቆሞ ሲሠራ ቀስቱ ወደ 1 ባር፣ እንዲያውም ከዚያ በታች ቢወርድ ችግር የለውም። ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው ተነስቶ 3 ላይ መለጠፍ አለበት። እየተጎተተ ከወጣ ይተዉት።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሙከራ አዳማ ላይ ከሁሉ እናስቀድመዋለን። 190ኢን ቤንዚን የሚያጠጣው የቦሽ ኬኢ ጄትሮኒክ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ በቱቦው ውስጥ ግፊቱን ይዞ የሚያቆይ ከመኪናው በታች፣ በኋላ በኩል ከነዳጅ ፖምፓው አጠገብ የተሰቀለ ትንሽ ክብ ዕቃ አለ። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ ግፊቱ ያመልጣል፤ በጋለው ሞተር ላይ ያለው ቤንዚንም ተንኖ አረፋ ይሆናል። መኪናው ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ግን ሞተሪኖው እስኪደክም ይዞራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ነድተው ያጥፉት፣ 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ያቁሙትና እንደገና ያስነሱ። ካስቸገረ የዕቃውን የመመለሻ ቱቦ ይፍቱ፤ ፖምፓው ሲሠራ ከዚያ ቤንዚን ከፈሰሰ ሽፋኑ ተቀዷል። ካልፈሰሰ ፖምፓው ላይ ያለውን መመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይጠርጥሩ። ይህን ያልለየ መካኒክ ጄትሮኒኩን ነቅሎ ካርቦራቶር ሊገጥም ይነሳል። አይፍቀዱ፤ በ024 ሻንሲ ላይ ካርቦራቶር ተገጥሞ ካገኙም ጄትሮኒኩን የመመለሻውን ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀንሱ።

ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለና የኤቢኤስ መብራት ከበራ፣ ውድ ነገር ከማሰብዎ በፊት ከባትሪው ኋላ ያለውን ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ የሚከላከል ሪሌ ይዩ። በራሱ ላይ የ10 አምፔር ፊውዝ አለው። ፊውዙ ደህና ሆኖም ውስጡ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ

ለመሞከር የፍጥነት መንገዱን ወደ ሞጆ ይያዙ፤ የሚፈቀደው ጣሪያ 120 ነው። 20 ደቂቃ በ100 ነድተው ሲወጡ የክፍያ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ቀስቱን ይከታተሉ። በፍጥነት ሲሄድ ደህና ሆኖ ሲቆም የሚወጣ ሙቀት የቬንቲላተር ችግር ነው፤ ዳገት ላይና በፍጥነት የሚወጣ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፖምፓ። ኢ30 ላይ ሞተሩን አጥፍተው ቬንቲላተሩን በእጅ ያሽከርክሩ፤ ግሎ እያለ ከበድ ማለት አለበት፣ ሳይቆም ብዙ ዙር በነጻ ከዞረ መያዣው ሞቷል።

ኢ30 ላይ ቀስቱን ብቻ አይመኑ። ክሩሽኮቱ ውስጥ ለሰርቪስ መብራት የተቀመጡ ትንንሽ ባትሪዎች ሲያረጁ አሲዳቸው ቦርዱን ይበላል፣ የሙቀቱና የነዳጁ ቀስትም ይዘላል ወይም ዝም ይላል።

በ80 ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ኢ30 ላይ የፊት ክንዶቹን የኋላ ጎሚኒ ይዩ። ነዳጅ ሲረግጡና ሲለቁ ከታች «ዱብ» የሚል ከሆነ ካምቢዮውን ከዘንጉ የሚያገናኘው የጎማ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ለመደራደር እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሆኑም።

ከገዙ በኋላ፣ መጀመሪያ ውሃው

ከግዢው ዋጋ ቢያንስ ሩቡን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያስቀምጡ። ግማሹ ለማቀዝቀዣው ይሁን፤ ምክንያቱም ሒሳቡ እንዲህ ነው። ውሃ አዳማ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 እና በ95 ዲግሪ መካከል ነው። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የመርሴዲስ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ87 ሲሆን ሞተሩ በደህና ቀኑ ከ85 እስከ 95 ይሠራል። እንግዲህ የውሃው መያዣ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ቀስቱ ቀዩ ጋ ሳይደርስ ውሃው ይፈላል፤ ሹፌሩም «ጌጁ ደህና ነበር» እያለ ቴስታታ ያጣምማል። 1.4 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያንኑ ውሃ ከ120 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ላይ 120 ወይም 140 ተጽፏል፤ 1.2 ወይም 1.4 ባር ማለት ነው። የተጻፈውን ቁጥር ጠብቀው አዲስ ይግዙ። በዚህ መኪና ላይ ከዚህ የሚረክስ ኢንሹራንስ የለም።

ሞተሩ እንደየዓይነቱ ከ8 እስከ 11 ሊትር ይወስዳል። ግማሹን ፎስፌት የሌለበት ለአሉሚኒየም ቴስታታ የተሠራ ኩላንት፣ ግማሹን የተጣራ ውሃ ያድርጉ። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ቂጥ ነጭ ደለል ይተዋል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ሻጩ አሲድ የገባበትን እንዳይሰጥዎ ግን ጠርሙሱን ያንብቡ።

«ሙቀት ካስቸገረህ ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚለው ምክር በነዚህ ሞተሮች ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ ሞተሩ ይበርደዋል፣ ዳገት ላይ ይፈላል።

325አይ ላይ ውሃ ሲሞሉ አየር መተንፈስ አለበት። የፊቱን በክሪክ ከፍ ያድርጉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን ፈትተው አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ቀስ ብለው ይሙሉ። ተጣድፎ የሞላ ሰው ከሶደሬ ሲመለስ መንገድ ላይ ይቆማል።

የኢ30 ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ሌላም ጥብቅ ቀጠሮ አለው፤ የታይሚንግ ቺንጋው ጎማ ነው። ከተበጠሰ ፒስቶንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፣ ሮከር አርሞቹ ይሰበራሉ። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ተቀይሯል» ቢልም ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ይነሱ። ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና የውሃ ፖምፓውን አብረው ይቀይሩ፣ ከዚያ በየ4 ዓመቱ ወይም በየ60,000 ኪ.ሜ. ይድገሙት፤ ቀድሞ የሞላው ይቅደም። ከተገጠመ በኋላ መካኒኩ ቁልፍ ሳያዞር ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ መግጠማቸውን እንደገና ያሳይዎት። በዚያው ቀን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቫልቭ ክፍተቱን 0.25 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። የ190ኢ ሞተሮች ካቴና ስላላቸው ከዚህ ቀጠሮ ነጻ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው መርሴዲሱን የምንመክረውም በዚህ ነው።

ዘይት 15 ደብሊው 40 ለአዳማ ሙቀት ይበቃል፤ 103ቱ ሞተር 6 ሊትር ያህል ይወስዳል። የፍሬን ዘይት ዶት 4፣ በየ2 ዓመቱ። ከ30 ዓመት በላይ የሆነውን የቤንዚን ጎማ ቱቦ ሁሉ ይቀይሩ፤ ጄትሮኒክ ከ5 ባር በላይ ስለሚገፋ ለካርቦራቶር የሚሸጠው ቱቦ አይችለውም። የአየር ፊልትሩን ደግሞ መጽሐፉ ከሚለው በግማሽ ጊዜ ይቀይሩ። ከከተማዋ ዳር ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም አይተውም።

ዕቃ

ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት የዕቃውን ቁጥር በሻንሲ ቁጥርዎ ፈልገው ይጻፉ። «የ190 ነው» ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው የ2.0ውን ለ2.6 ገዝቶ ይመለሳል። ያገለገለ መግዛት የሚያዋጣው በር፣ መብራት፣ መስታወት፣ ዲፈረንሺያል ነው። ጎማ ነክ ነገር፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቺንጋና የቤንዚኑን ግፊት የሚይዘው ያ ክብ ዕቃ አገልግሎ አይገዛም።

የጎማ ልክ ለ190ኢ 185/65 አር 15፣ ለ325አይ 195/65 አር 14 ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 6 ዓመት ያለፈውን ጎማ ይዘው በፍጥነት መንገዱ ላይ በ120 አይሂዱ።

ሻንጣው ውስጥ 5 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ተለዋጭ የውሃ መያዣ ክዳን፣ ሁለት የ10 አምፔር ፊውዝ፣ የቬንቲላተር ቺንጋና ጨርቅ ይኑር። ጨርቁ የጋለ ክዳን ለመክፈት አይደለም፤ ሞተሩ ሲፈላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ሲላላ ብቻ ነው ክዳኑ የሚነካው።