ሞድ መሥራት ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ቁጥር ቀይሩ

የጌም ሞድ (ያለ ጌምን እንደፈለጋችሁ የሚቀይር ጭማሪ) መሥራት አምሯችሁ ከየት እንደምትነሱ ግራ ከገባችሁ፣ በኮድ አትጀምሩ። የጌሙን ፎልደር ክፈቱ። ብዙ ጌሞች የመሣሪያ ጉልበትን፣ የዕቃ ዋጋን፣ የሩጫ ፍጥነትን በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጡት፤ ጄሰን፣ ኤክስኤምኤል ወይም አይኤንአይ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩና ጌሙን አስነሱት። አምስት ነገር በአንዴ ነካክታችሁ ጌሙ እምቢ ካለ፣ ጥፋተኛውን መፈለግ ፀጉር ያስነጫል።

ስክሪፕት (ጌሙን የሚያዝ አጭር ኮድ) ላይ ስትደርሱ የኮዱን ቋንቋ የሚመርጥላችሁ ጌሙ ነው። ፋክቶሪዮ ሉዋ ይፈልጋል፣ ማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን ጃቫ፣ ስታርዲው ቫሊ ሲ ሻርፕ። ምርጫ ካላችሁ እኔ ሉዋን እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ የተፈጠረች ትንሽ ቋንቋ ናት፤ ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ)፣ ሉፕ (ድግግሞሽ) እና ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል) ከገቧችሁ የሰው ሞድ ማንበብ ትጀምራላችሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ሉዋ ዝርዝር የምትቆጥረው ከ1 ነው፣ እንደ ጃቫ ከ0 አይደለም (ከሌላ ቋንቋ የመጣ ሰው እዚህ ጋ መሳቱ አይቀርም)። ቫሪያብል ስትፈጥሩ ደግሞ ከፊቱ ሎካል (local) የሚለውን ቃል አስገቡ፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ያለ ኮድ በተመሳሳይ ስም ሊደርብበት ይችላል።

ጌሙ ከተዘጋባችሁ ሎግ ፋይሉን (ጌሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ፋይል ስምና የመስመሩ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። የተነካካ ጌም ይዛችሁ ግን ኦንላይን ውድድር አትግቡ፤ አካውንታችሁ ሊታገድ ይችላል።