ስቶፕ ሞሽናችሁ ብልጭ ድርግም እንዳይል

የጭቃ ወይም የወረቀት አሻንጉሊት እያንቀሳቀሳችሁ በስልክ ስቶፕ ሞሽን (ፎቶ በፎቶ የሚገጣጠም ፊልም) የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለባችሁ መጀመሪያ መስኮቱን ሸፍኑ። የጅማን ደመና ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣም ሲሄድም አያስታውቅም። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 12 ፎቶ ብታነሱ፣ የ10 ሰከንድ ፊልም 120 ፎቶ ነው። ያን ጨርሳችሁ እስክትነሱ ብርሃኑ ስንቴ ይቀያየራል!

መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉና አንድ የኤልኢዲ አምፖል ከጎን አብሩ። ፊት ለፊት ካበራችሁት አሻንጉሊቱ ጠፍጣፋ ይመስላል። ጥላው ከጠቆረ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሙ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አሻንጉሊቱን በጣት ተጭናችሁ ቆዩ፤ በብዙ ስልኮች ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ካልተቆለፈ ስልኩ በየፎቶው ብርሃኑን እንደ አዲስ ይለካል።

ስልካችሁ ፕሮ ሞድ (ካሜራውን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት) ካለው ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአምፖሉ መርገብገብ በፎቶው ላይ አይታይም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ልብሱን ነው። ነጭ ሸሚዝ ብርሃን ይመልሳል፤ ወደ ጠረጴዛው ስትጠጉ ትዕይንቱ ይፈካል፣ ስትርቁ ይጨልማል። ጥቁር ልበሱ፣ ፎቶ ስታነሱም ሁሌ አንድ ቦታ ቁሙ።

መብራት ሲጠፋ ግን በቻርጅ መብራት አትቀጥሉ። ቀለሙ ከአምፖሉ ይለያል፣ ባትሪው ሲደክምም እየደበዘዘ ይሄዳል። አሻንጉሊቱን ሳትነኩ መብራቱ እስኪመጣ ብትጠብቁ ይሻላል።