አሮጌ የአየር ጠመንጃ ሲታደስ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ከቤተሰብ የወረሰውን የዲያና የአየር ጠመንጃ ለማደስ የሚነሣ ሰው፣ ዕቃውን ከዝገቱ ይበልጥ የሚጎዳው የራሱ ጥድፊያ መሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ መልካም ነው።

ከሁሉ አደገኛው ስህተት ፒስተኑን ገፍቶ አየሩን የሚያምቀውን ሞላ ሳይቆጣጠሩ መፍታት ነው። ሞላው ጠመንጃው ባልተወጠረበት ጊዜ እንኳ በሲሊንደሩ ውስጥ ታምቆ ስለሚኖር፣ የኋላውን መዝጊያ የያዘው ፒን እንደ ወጣ ተፈናጥሮ ፊትን ሊመታ ይችላል። መዝጊያውን ደግፎ ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ በቡሎን የሚጠብቅ መጭመቂያ በቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ለዚህም ልኩን ይዞ መሄድ ይበቃል እንጂ ጠመንጃውን አንግቶ የከፊራን ገበያ ማቋረጥ አያስፈልግም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ፣ ስለ ይዞታው ፖሊስ ጣቢያ ጠይቆ መረዳትም ብልህነት ነው። የዲያና ሞዴል 27 ቃታ በሦስት ትናንሽ የብረት ኳሶች የሚሠራ በመሆኑ፣ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ጨርቅ ሳያነጥፍ የሚፈታው ሰው ወለል ሲዳብስ ይውላል።

ሌላው ስህተት ከፒስተኑ ፊት የሞተር ዘይት ማፍሰስ ነው። አየሩ በድንገት ሲታመቅ ስለሚግል ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። ጭሱና ጩኸቱ ጉልበት የተጨመረ ቢያስመስለውም፣ ውሎ አድሮ አየሩ እንዳያመልጥ የሚያግደውን የፒስተኑን ማሸጊያ ያቃጥላል፣ ሞላውንም ይሰብራል።

የደረቀን የቆዳ ማሸጊያ ወዲያው መጣልም ተገቢ አይደለም፤ በቆላው ሙቀት የጠነከረ ቆዳ ዘይት ጠጥቶ ሲያድር ብዙ ጊዜ ይለሰልሳል። የተቀደደ ከሆነ ግን ወፍራም ቆዳ ከጫማ ሠሪ ገዝቶ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በሲሊንደሩ ልክ በተሠራ ቅርጽ ጨምቆ ማድረቅና ከዚያ በኋላ ዘይት ማጠጣት ይቻላል።

ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማንጸባረቅ በእኔ አስተያየት ማደስ ሳይሆን ማጥፋት ነው። ጥቁር ሰማያዊው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ ብዙ ዲያናዎች ላይ የተመታው የምርት ወርና ዓመትም አብሮ ይጠፋል። ዝገቱ በዘይት በራሰ ጨርቅ በትዕግሥት ቢታሽ ይበቃል።

ለሰደፉ ከሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይልቅ በስሱ የተቀባ የተልባ ዘይት ይሻላል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ግን በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል፣ ዘርግቶ ከቤት ውጭ ማድረቅ ያስፈልጋል።