የተረፈ የዶሮ አሮስቶ ሳይደርቅ እንዴት ይሞቃል?

ትናንት ጣት ያስቆረጥም የነበረ አሮስቶ ዛሬ ሲሞቅ ደርቆ ጉሮሮ ላይ የሚቆመው በአሟሟቁ ነው። ሥጋ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፤ ውስጡ የያዘው ውሃም እየተጨመቀ ይወጣል። ሲጠበስ አንዴ ይህ ደርሶበታል። በማግስቱ ደግሞ በኃይለኛ እሳት ከተያዘ የቀረችውንም እርጥበት ያጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቀስ ያለ እሳትና የታፈነ እንፋሎት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ግን ገና ገበታው ሲነሳ ነው፤ በተለይ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ። የበሰለ ዶሮ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩት። ማታ የተረፈውን ድስት ውስጥ ከድኖ ማሳደር የብዙ ቤት ልማድ ነው። እባካችሁ ተዉት። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ጠዋት ቢያሞቁትም አይጠፋም።

ዶሮውን ቆራርጣችሁ በሚከደን ዕቃ ፍሪጅ አስገቡት። ትሪው ላይ የቀረውን መረቅ እንዳትደፉት! ለብቻው አስቀምጡት። ሲቀዘቅዝ ከረጋ ጥሩ ነው፤ ነገ ሥጋውን የሚያርሰው እሱ ነው። መረቅ ከሌለ አጥንቱን በትንሽ ውሃና ሽንኩርት ቀቅሉ። ዶሮው ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለጿሚ ቤት ይህ ጥሩ ነው፤ የማክሰኞው ትራፊ ረቡዕን አልፎ ሐሙስ ይበላል።

አሁን ወደ ማሞቁ። ወፍራም ድስት ያዙ። ከሥሩ ቀይ ሽንኩርት በክብ በክቡ ቆርጣችሁ ደርድሩ፤ ሥጋው ድስቱን እንዳይነካ ያደርጋል። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ መረቅና አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምሩ። ቆዳውን ገፍፋችሁ ለብቻው አስቀምጡ።

መጀመሪያ ታፋውና እግሩ ይግባ። ስብም ጅማትም ስላላቸው እሳት ይችላሉ። ደረቱ ግን ስቡ ትንሽ ነው፤ ቶሎ የሚደርቀው እሱ ነው። ስለዚህ በወፍራሙ ቆርጣችሁ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጨምሩት። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ከሆነ ከሥሩ ፎይል አድርጉ። በትንሽ እሳት በጠቅላላው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በየመሃሉ ክዳኑን አትክፈቱ፤ እንፋሎቱ ከወጣ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት።

መድረሱን ለማወቅ ወፍራሙን ቁራጭ ሰንጥቁት። መሃሉ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ መልሱት፤ እንፋሎት እየወጣው ጣት የሚያቃጥል መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ሲያይ ወዲያው ያውርድ። ቆዳውን በደረቅ መጥበሻ ላይ ጠብሳችሁ ከላይ አድርጉት፤ እየተንኮሻኮሸ ይበላል።

መብራት ከጠፋ ከሰል ይሆናል፤ ፍሙን አመድ አልብሱት። በኦቨን ከሆነ በ160 ዲግሪ፣ መረቅ ረጭታችሁ በፎይል ሸፍናችሁ ወደ 20 ደቂቃ። ማይክሮዌቭ ለእኔ የመጨረሻው ምርጫ ነው። የግድ ከሆነ ግን ኃይሉን በግማሽ ቀንሱ፣ ሥጋውን መረቅ አስነክታችሁ ክደኑት፣ በየደቂቃው አገላብጡት።

የምትበሉትን ያህል ብቻ አሙቁ፤ በተሞቀ ቁጥር ይደርቃል። አስቀድሞ የደረቀ ካለ ከእሳት ጋር አታታግሉት። በጣት በጣታችሁ ፈልቅቁት፤ ቲማቲም ቁሌት ሠርታችሁ መረቁን ጨምሩና ሥጋውን አስገቡ። አንድ ሁለት ቃሪያ ጣል አድርጉበት፤ ሥጋው በደንብ ሲሞቅ እንጀራ ፈትፍቱበት።