ሠላሳ ድመት፦ በስክራች ክፍል ደጋግመው የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ይህ ጽሑፍ በኮምፒውተር ክፍል ስክራችን፣ ማለትም ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እያገጣጠሙ ጨዋታና ታሪክ የሚሠሩበትን ፕሮግራም፣ ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ፕሮግራሙን መጫን፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርና ብሎኮችን ጎትቶ ማገጣጠም የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አይነሣም።

ሥራው ጠፋ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ስክራች የተማሪውን ሥራ በራሱ አያስቀምጥም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የአንድ ክፍለ ጊዜ ድካም አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው በየአሥር ደቂቃው «አስቀምጡ!» ብሎ መጮኽ ነው፤ ያልጮኸ መምህር ለልቅሶው ይዘጋጅ። ፋይሉም በተማሪው ስም ይሰየም። ፕሮግራሙ ያቀረበውን ስም እንዳለ የሚተዉ ልጆች የጠዋቱን ፈረቃ ሥራ ከሰዓት በኋላ በራሳቸው ፋይል እየተኩ ስንት ጊዜ እንዳጣሉኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ማይክሮቢት (ከስክራች ጋር የሚያያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) መብራቱ እየበራ ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም። ገመዱን ይቀይሩ፤ ገበያው ኃይል እንጂ ዳታ በማያስተላልፍ ርካሽ የቻርጀር ገመድ ተጥለቅልቋል።

ሥራውን የሚያስጀምረው ባንዲራ ሁለተኛ ጊዜ ሲጫን ድመቷ፣ የስክራች መነሻ ገጸ ባሕርይ፣ የለችም። ተማሪው «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ብሎ እጁን ያወጣል። አልተበላሸም። አረንጓዴው ባንዲራ የገጸ ባሕርይዋን ቦታ፣ መጠንና መታየት ወደ መነሻው አይመልስም፤ ባለፈው ጨዋታ መጨረሻ ተደብቃ ከነበረ እንደ ተደበቀች ትቀራለች፣ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ኤክስ 240 ደርሳ ከነበረም ከዚያው ትነሣለች። ከባንዲራው ብሎክ ሥር ኤክስና ዋይ 0፣ መጠን 100፣ አቅጣጫ 90፣ ነጥብ 0 እና እንድትታይ የሚያዘው ብሎክ ይሰካ። መምህሩ ግን ማውሱን ተቀብሎ አያስተካክልለት፤ አንዴ የተቀበለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲቀበል ይኖራል።

የክፍሉ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ ያየሁት ችግር ይህ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያመጣሁትም እኔው ነበርሁ። ፖም የምትለቅም ድመት ቤቴ ሠርቼ በፕሮጀክተር አሳየሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በ30 ኮምፒውተር ላይ 30 ድመት ፖም ትለቅም ነበር፤ እኔ «ነጥብ» ለማለት በችኮላ «ነጠብ» ብዬ የጻፍሁት እንኳ በሠላሳውም ላይ ሳይስተካከል ሰፍሯል። በዓመቱ ድመት ከለከልሁ፤ 30 ውሻ መጣ።

ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና አይደለም። ከሰሌዳ እየገለበጠ ላደገ ተማሪ ያለቀለት ሥራ ማሳየት «ይህን ገልብጥ» ከማለት አይለይም፤ ማርኩም ለሚመሳሰለው ከተሰጠ ልጁ የራሱን ሐሳብ ሞክሮ የሚከስርበት ምክንያት የለውም። በብሎክ ብዛት ማርክ መስጠትም ከዚያ አይሻልም። እኔ በሰጠሁ ጊዜ አንዱ ተማሪ በአንድ የድግግሞሽ ብሎክ የሚያልቀውን እርምጃ 60 ጊዜ ደርድሮ በኩራት አሳይቶኛል።

የሚበጀው ያላለቀ ምሳሌ ይዞ መግባት ነው፤ ያውም ተማሪው ከመምህሩ እኩል ከሚያውቀው ነገር። ለእኔ የሠራልኝ እንቆቅልሽ ነው። ገጸ ባሕርይዋ «እንቆቅልህ?» ትላለች፣ የጥያቄው ብሎክ መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወዲያው «ካላወቀስ?» የሚል ጩኸት ይነሣል። ካላወቀማ «አገር ስጠኝ» መባሉ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን «ከሆነ፣ ካልሆነ» የሚል ብሎክ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። አንዲት ተማሪ ገጸ ባሕርይዋን በቅሎ ላይ አስቀምጣ በተሰጣት ከተማ እያዞረች የተሸናፊውን ስንፍና በራሷ ድምፅ ቀድታ አስወራችው። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ሥራ ደግሞ ጎንደርን ሲሰጡት «አልበቃኝም» እያለ 5 አገር እስኪሞላለት ድረስ ሰጪውን አይለቅም። ድመት የሠራ አልነበረም።

ትክክለኛው መልስ «ስሕተት» ይባላል። እንቆቅልሽን የመረጠ መምህር ይህን ይጠብቅ። ተማሪዋ «ጠዋት ተወልዳ ማታ የምትሞት» ብላ ጠይቃ መልሱን «ፀሐይ» ብላ አስቀመጠች፤ ጓደኛዋ «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ አገር ተጠየቀ። የስክራች የእኩል ምልክት የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ» ግን ለእርሱ ምንም ዝምድና የላቸውም። ከመልሱ ኋላ ሳይታወቅ የተጫነ ባዶ ቦታም እንዲሁ ያሳስተዋል። መፍትሔው ዝርዝር ፈጥሮ የቃሉን አጻጻፎች ሁሉ ማስገባት፣ ከዚያም በእኩል ምልክቱ ፋንታ ዝርዝሩ መልሱን መያዙን የሚጠይቀውን ብሎክ መጠቀም ነው። ተማሪዋ ዝርዝሯን ለመሙላት ደብተር ይዛ ክፍሉን ዞረች፣ ያገኘችውን ሁሉ «ፀሐይ ብለህ ጻፍልኝ» እያለች፤ 7 ዓይነት አጻጻፍ ሰብስባ ተመለሰች። ሰባተኛው የእኔ ነበር።