ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለሐዋሳ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች

ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ቀን ከ12ኛ ክፍል ጥናት ጋር ይጋጫል። የብዙዎቹ የቅድሚያ ማመልከቻ የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 22። መደበኛው ጃንዋሪ 1 ላይ፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ግድም ይዘጋል። ተማሪው ሰነድ የሚያሯሩጠው በዚህ መሀል ነው፤ ብዙው ማጋነንና መደበቅም የሚገባው በዚሁ ጥድፊያ ነው።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ውሸት ተማሪው ዘንድ አይቀርም። መምህሩ ይፈርምበታል፣ ርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያሳርፍበታል፣ ቀበሌው ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ አባትና እናት ቃላቸውን ይሰጡበታል። ሲገለጥ የሚጠየቁት እነሱም ናቸው፤ ከዚያው ትምህርት ቤት በቀጣዩ ዓመት የሚያመለክተው ታናሽም በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

"ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ"

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚጀምረው ከደግነት ነው። መምህሩ በአንድ ሴክሽን 60 ተማሪ ያስተምራል፣ በእንግሊዝኛ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ አልለመደም፣ ተማሪውን ግን ይወደዋል። ስለዚህ "ጽፈህ አምጣ" ይላል። ተማሪው ከኢንተርኔት "በ20 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አላጋጠመኝም" የሚል ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። መምህሩ ግን ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል።

ይህ የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው። የዩኒቨርሲቲው አንባቢ የተማሪውን ድርሰትና የሁለቱን መምህራን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያነባል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት የሰዋስው ስህተት፣ አንድ ዓይነት ውዳሴ ካላቸው የጻፋቸው አንድ ሰው እንደሆነ ለመጠርጠር ምርመራ አያስፈልግም። ከዚህ የባሰው ተማሪው በመምህሩ ስም ጂሜይል ከፍቶ የይለፍ ቃሉን በእጁ ሲይዝ ነው። ኮመን አፕ፣ ማለትም በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ የደብዳቤውን ማስፈንጠሪያ የሚልከው ለመምህሩ ነው። በተማሪ በተከፈተ ኢሜይል ከተሞላ፣ ሐሳቡ የመምህሩ ቢሆን እንኳ ሰነዱ የሐሰት ሰነድ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ለማጣራት ለመምህሩ ቢጽፍ የሚመልሰው ማን ነው?

መፍትሔው ጊዜ ይጠይቃል፤ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ለመምህሩ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጡ፦ የትኛውን ትምህርት በስንተኛ ክፍል እንዳስተማረህ፣ ያገኘኸውን ውጤት፣ ሊያስታውሰው የሚችል አንድ ቤተ ሙከራ ወይም የቡድን ሥራ፣ የሚዘጋበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። የውዳሴ ቃል አትጻፉበት፤ ፍርዱ የመምህሩ ነው። እንግሊዝኛው ከከበደው በአማርኛ ይጻፍና የእንግሊዝኛ መምህሩ ይተርጉመው፤ የተርጓሚው ስም ከሥር ይቀመጥ። ተርጓሚው ተማሪው ወይም ዘመዱ መሆን የለበትም። መምህሩ አሁንም "ራስህ ጻፈው" ካለ ሳያስከፉ ማለት የሚቻለው እንዲህ ነው፦ "ቲቸር፣ እኔ እንደጻፍኩት ቢታወቅ የእርስዎም ስም ይነሣል። ነጥቦቹን ላምጣልዎ፣ እርስዎ በአማርኛ ይንገሩንና የእንግሊዝኛ መምህራችን ይጻፉልን።" ተማሪውን በትክክል የሚያውቅ ሰው የጻፈው ግማሽ ገጽ፣ ማንንም ሊገልጽ ከሚችል ሁለት ገጽ ይበልጣል።

"ከክፍሌ 1ኛ ነኝ"

ካርዳችን ላይ የሚወጣው ደረጃ በአብዛኛው የሴክሽን ነው። የውጭው ቅጽ የሚጠይቀው ደግሞ በአጠቃላይ በዚያ የክፍል ደረጃ ካሉ ተማሪዎች መካከል ስንተኛ እንደሆናችሁ ነው። ከ58 ተማሪዎች 1ኛ የወጣ ልጅ "ከ400 1ኛ" ብሎ ከሞላ ዋሽቷል፤ ባያስበውም። ትምህርት ቤቱ የሁሉንም ሴክሽን ደረጃ ካላወጣ "ደረጃ አይሰጥም" የሚለውን ምረጡ፤ የሴክሽኑን ደረጃ በተጨማሪ መረጃ ቦታ ግለጹ። ከ100 የተሰጠውን ውጤትም በራሳችሁ ሠንጠረዥ ወደ 4.0 አትቀይሩት። ቅጹ ከ100 የሆነ ውጤት ይቀበላል።

ዝቅ ያለ የብሔራዊ ፈተና ውጤትን መደበቅ

የትምህርት ቤት ውጤቱ 94 የሆነ ተማሪ በብሔራዊ ፈተና 60 በመቶ ሲያመጣ ያፍራል፤ ከተጠየቀም "ገና አልወጣም" ይላል። ውጤቱ በመለያ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ የሚታይ ስለሆነ ይህ ብዙ አያስኬድም። ከሁሉ በላይ ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጭ አንባቢ ይህን ካላወቀ 60ን እንደ ደካማ ውጤት ይቆጥራል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ በሚልከው የትምህርት ቤት መግለጫ ላይ ይህ ሁኔታ በሁለት መስመር እንዲገባ ጠይቁ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠይቅ አሮጌ ቅጽ ካጋጠማችሁም ፈተናው መቅረቱን ጻፉ፤ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ብላችሁ ቁጥር አትፈልጉ።

የቤተሰብ ገቢን ማሳነስ

እዚህ ላይ ወላጆች ከልጁ ይልቅ ይፈራሉ። "እህቱ ከዱባይ የምትልከው ይታወቅብናል፣ ሰርቪስ ቤቱ መከራየቱም ይቅር" ይባላል። ከቀበሌ የሚመጣው የገቢ ማስረጃም በዚያው ልክ ይጻፋል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ባጃጅ ለቤተሰቡ በቀን 500 ብር ቢያስገባና በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ የዓመቱ 156,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ጥገናና ጎማ ይቀነሳል። ብዙ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የዓመት ወጪ ደግሞ ከ80,000 ዶላር ያልፋል። እህት በዓመት የምትልከውን 1,000 ዶላር መደበቅ ከዚህ ወጪ አንጻር የሚያተርፈው ነገር የለም። የሚያጎድለው ግን ሁሉንም ሊሆን ይችላል፤ የባንክ መግለጫው፣ የግብር ደረሰኙና ቅጹ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ጥያቄው ስለ ገንዘብ መሆኑ ይቀርና ስለ እምነት ይሆናል።

ሳይዋሹ የሚያሳስት ነገርም አለ፤ የምንዛሪ ለውጥ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያው 156,000 ብር በ57 ሲካፈል 2,737 ዶላር፣ በ130 ሲካፈል 1,200 ዶላር ይሆናል። ቅጹ በብር ከፈቀደ በብር ሙሉ። ዶላር ካስገደደ ሁሉንም ቁጥር በአንድ ቀን የባንክ ምንዛሪ አስሉ፤ ቀኑንና ምንዛሪውን በማብራሪያው ላይ ጻፉ።

ሰነድን "ማስተካከል"

የልደት ቀን ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ጥር 10 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች ጃንዋሪ 18 ቀን 2007 ነው። አንዱ ሰነድ 2006 ሌላው 2007 ካለ ብዙዎች በኮምፒውተር ያስተካክሉታል። አታድርጉት። የሰጠው መሥሪያ ቤት ያርመው፤ ጊዜ ከሌለ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። የልደት ምዝገባ ቀኑ ከተወለዳችሁበት ብዙ ዓመት ዘግይቶ መገኘቱም አያስደንግጣችሁ፤ የአሁኑ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

የሐዋሳ ልጆችን የሚያሳስብ ሌላም አለ። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የወጡ ወረቀቶች የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን ስም ይዘዋል። አንዱ ማስረጃ በደቡብ ሌላው በሲዳማ መሆኑ ስህተት አይደለም። አዲስ አርማ የሚለጥፍላችሁ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን ትክክለኛውን ሰነድ ሐሰተኛ ያደርግባችኋል።

የሌለ ክበብ፣ የሌለ ሐዘን

ኮመን አፕ ለተሳትፎ 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል፣ እንዲሁም በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት የሚል ጥያቄ። አሥሩንም እያንዳንዳቸው በሳምንት 15 ሰዓት ብሎ የሞላ ተማሪ 150 ሰዓት ተጠቅሟል ማለት ነው። ሳምንት ያለው 168 ሰዓት ብቻ ነው፤ መቼ ተማረ፣ መቼስ ተኛ? በአንድ ቀን የችግኝ ተከላ ላይ ተገኝቶ "የአካባቢ ጥበቃ ፕሬዚዳንት" መሆንም እንዲሁ ነው።

የሚያሳዝነው እውነተኛው ሥራ ከዝርዝሩ መውጣቱ ነው። ከትምህርት በኋላ እናቷን በጉልት የምትረዳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዳ፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና ልጅ ይህን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ቅጹ ግን "የቤተሰብ ኃላፊነት" እና "የሚከፈልበት ሥራ" የሚሉ ምድቦች አሉት፤ የተቀመጡትም ለእነዚህ ልጆች ነው። ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት በደብተር መዝግቡና አማካዩን ጻፉ። ሦስት እውነተኛ ተሳትፎ ካላችሁ ሰባቱን ባዶ ተዉት።

ድርሰቱ ላይ ደግሞ በሕይወት ያለችን እናት ሞታለች ብለው የሚጽፉ አሉ፤ የሚመክሯቸው ደላሎችም አሉ። ይህን በቀጥታ እንናገር፦ የእናትን ሞት መፍጠር በእናትም ላይ፣ በእውነት ወላጅ ባጣው የክፍል ጓደኛም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ለዚያውም በገንዘብ ድጋፍ ቅጹ ላይ ያቺው እናት ትፈርማለች። በደላላ የተጻፈ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድርሰትን የራስ አስመስሎ ማቅረብንም ኮመን አፕ ከማጭበርበር ይቆጥረዋል። መምህር ሰዋስው ቢያርምላችሁ፣ "ይህ አልገባኝም" ቢላችሁ ችግር የለውም። ሐሳቡንና ዓረፍተ ነገሩን ሌላ ሰው ሲያመጣው ግን ድርሰቱ የእናንተ አይደለም።

ሁለት ቦታ አሳሪ ማመልከቻ

ከተቀበሉኝ የግድ እገባለሁ የሚያሰኘው የቅድሚያ ውሳኔ ማመልከቻ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሦስቱም ይፈርሙበታል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አማካሪው ርዕሰ መምህሩ ስለሆነ፣ ሳያነብ እንዲፈርም አታድርጉት፤ ውሉን በአማርኛ አስረዱት። የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ካልበቃ መልቀቅ ይቻላል፤ ሌላ የተሻለ መጣ ብሎ መልቀቅ ግን አይቻልም።

ከላካችሁ በኋላ ስህተት ብታገኙ

ቶሎ ጻፉ። ከተቀበሉ በኋላም፣ ከተመረቁ በኋላም ቢሆን በሐሰት የተገኘ ቦታ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቀድሞ የመጣ እርማት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተራ እርማት ይታያል። ኢሜይሉ አምስት መስመር ይበቃዋል፦ ሙሉ ስምና የማመልከቻ መለያ ቁጥር፣ ስህተቱ ያለበት ክፍል፣ የተጻፈው፣ ትክክለኛው፣ ማስረጃው። ረጅም ሰበብ አትጨምሩ። የመምህር ወይም የቀበሌ ሰነድ የሚነካ ከሆነ ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ሄዳችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፤ ከዩኒቨርሲቲው ጥያቄ ሲመጣ ከእናንተ አፍ ሰምቶት ይጠብቅ።